ምግቡ ከማታ አይለፍ፣ ውሃው ከሁለት ቀን

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት የዳቦ ፍርፋሪ ግቢ ውስጥ እበትናለሁ። ወፎቹ ይመጣሉ፤ ሰሞኑን ግን አይጦችም ለመዱ። ወፎቹን ሳላጣ አይጦቹን እንዴት ላርቅ?

መልስ፦ አይጦቹን የጠራቸው መሬት ላይ የሚያድረው ፍርፋሪ ነው። መበተኑን ይተዉና ጠርዝ ያለው ትሪ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ለስላሳ የብረት ቋሚ ላይ ያስቀምጡ፤ የእንጨት ቋሚ አይጥ በቀላሉ ይወጣዋል። ከትሪው በታች እንደ ጃንጥላ የተደፋ ቆርቆሮ ቢያስሩበት ደግሞ ይበልጥ ይከላከላል። ቋሚው ከግንብና ከዛፍ ቅርንጫፍ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ዘለው ይገቡበታል። የትሪውን ወለል በትንንሹ ይብሱት፣ ዝናብ ካቆረበት እህሉ ይበላሻል። መጠኑን በአንድ እፍኝ ይጀምሩ። ማታ ከተረፈ ያንሱት፣ በማግስቱም ይቀንሱ። ከሥር የሚወድቀውን ገለባ በየቀኑ ይጥረጉ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

ዳቦውስ? ሆድ ይሞላል እንጂ ስቡም ፕሮቲኑም ትንሽ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ቶሎ ይሻግታል። ጥሬ ለቃሚዎች ጨው ያልነካው የሱፍ አበባ ፍሬና ማሽላ ይወዳሉ፤ ፍራፍሬ የሚበሉት ለሁለት የተከፈለ የበሰለ ፍሬ ይበቃቸዋል። ኦቾሎኒ ከሰጡ ያልሻገተ ይሁን፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ወፍ ይገድላል። በመራቢያ ወቅት ደግሞ ይከኩት፣ ሙሉው ጫጩት ያንቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ውሃ ያስቀምጡ። እህል የማይቀምሱት ነፍሳት አዳኞችም ለመጠጣትና ለመታጠብ ይወርዳሉ። ጥልቀቱ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ሻካራ ይሁን። ያለዎት ሳህን ጎድጓዳ ከሆነ መሃሉ ላይ ድንጋይ ያኑሩ። በየሁለት ቀኑ እየደፉ ከቀየሩት የትንኝ እጭ ለማደግ ጊዜ አያገኝም።

ጥያቄ፦ የአበባ ወለላ ለሚጠጡ ወፎች ያዘጋጀሁት የስኳር ውሃ ይደፈርሳል፣ ጉንዳንም ይወረዋል። ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ መደፍረሱ መፍላት መጀመሩን ያሳያል። ልኩ አንድ ስኒ ነጭ ስኳር ለአራት ስኒ ውሃ ነው። ቡናማ ስኳር፣ ማርና ማጣፈጫ ኪኒን አይሆኑም፤ በተለይ ማር በውሃ ሲቀጥን ፈጥኖ ይፈላል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ቀለም አይጨምሩ፣ ወፏን ለመሳብ ዕቃው ላይ ቀይ ነገር ቢኖር ይበቃል። ሙቀት ሲበረታ በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ፤ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይጠቡ፤ አሮጌው ላይ አዲስ አይጨምሩ። ለጉንዳኑ ከዕቃው በላይ መስቀያው ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ጽዋ ያስገቡ፣ ሊሻገራት አይችልም። ሽቦውን ቅባት መቀባት የሚመክሩ አሉ፤ አይስሟቸው፣ ላባ ላይ ከተጣበቀ ወፏ ልታጸዳው አትችልም።

ጥያቄ፦ ሁለት ወፎች ላባቸውን ነፍተው ትሪው ላይ ፈዘው ይቀመጣሉ፤ ስቀርብም አይበሩም።

መልስ፦ ታመዋል። ሳልሞኔላንና ትራይኮሞናስን የመሰሉ ተዋሲያን በኩስና በምራቅ ስለሚተላለፉ፣ መመገቢያው ራሱ ማዛመቻ ይሆናል። ቢያሳዝንም ምግቡንም የመታጠቢያውን ውሃም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያንሱ፣ መንጋው ይበተን። ጓንት አድርገው ዕቃዎቹን በሳሙና ካጠቡ በኋላ በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ በደንብ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ሌላ ጊዜም በየሳምንቱ ይታጠቡ። የወጥ ቤት ማጠቢያው ላይ ግን አይጠቧቸው።

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ ለማየት እንዲመቸኝ ትሪውን ከመስኮቱ አራት ሜትር ላይ ተከልኩት። ወፎቹ መስታወቱን እየመቱ ይወድቃሉ።

መልስ፦ ርቀቱ ክፉኛ የማይመች ነው፤ ወፏ ደንግጣ ስትነሳ መስታወቱ ጋ የምትደርሰው ፍጥነት ይዛ ነው። ወይ ከአንድ ሜትር በታች ያስጠጉት፣ ወይ ከአሥር ሜትር በላይ ያርቁት። ቢያስጠጉት ለማየትም ይመቻል፤ በስስ መጋረጃ ጀርባ ሆነው ካልተንቀሳቀሱ አይሸሹም። መስታወቱን ደግሞ ከውጭ በኩል በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በነጠብጣብ ወይም በመስመር ይሙሉት። አንድ የጭልፊት ምስል ለጥፎ መተው አይረዳም፤ ወፎቹ በጎኑ ባለው ባዶ መስታወት ሊያልፉ ይሞክራሉ። የተመታችውን ወፍ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ያሳርፉ፤ ምግብም ውሃም አይስጧት። ስትነቃ ውጭ ወስደው ይክፈቱላት። ከሁለት ሰዓት በኋላም ካልበረረች ወይም ክንፏ ከተንጠለጠለ የእንስሳት ሐኪም ይያት።