ከአንባቢያን፦ ስለ አረፋማ ወይን

አረፋማውን ወይን ከተራው የሚለየው ምንድን ነው? ጋዝ ተጨምሮበት ነው?

ወይን ሁሉ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል። እርሾው የፍሬውን ስኳር እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል። ተራው ወይን ጋዙን ለአየር ይለቅቀዋል፤ አረፋማው መውጫ ይከለክለዋል። በሻምፓኝ አሠራር ፍላቱን የጨረሰ ወይን በጠርሙስ ይሞላል፤ በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳርና ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት ይታሸግና እዚያው ዳግም ይፈላል። በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ ይበልጣል። ጠርሙሱ የወፈረው በከንቱ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የሞተው እርሾ አተላ ሆኖ ከወይኑ ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ የዳቦ ጠረኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ጠርሙሱ እየተነቀነቀ ቀስ በቀስ ይዘቀዘቃል። አተላው አንገቱ ላይ ሲጠራቀም አንገቱ ብቻ በበረዶ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ክዳኑ ሲነሳም የረጋው አተላ በራሱ በጋዙ ግፊት ተፈናጥሮ ይወጣል።

ጋዝ በቀጥታ የሚነፋባቸው ወይኖችም አሉ፤ አረፋቸው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይጠፋል።

ፕሮሴኮ ሻምፓኝ አይደለም?

አይደለም። ሻምፓኝ የፈረንሳይ አካባቢ ነው፤ ፕሮሴኮ የሰሜን ምሥራቅ ጣልያን። ፕሮሴኮ ሁለተኛውን ፍላት የሚጨርሰው በአብዛኛው በትልቅ የታሸገ ጋን ውስጥ ስለሆነ የአተላው ጠረን ብዙም አይጋባበትም፤ የፍሬው ጎልቶ ይቀራል። ይህን ጉድለት የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም።

«ኤክስትራ ድራይ» የሚል ገዝቼ ጣፈጠኝ። ተታልያለሁ?

ሻጩ አላታለለዎትም፤ ግራ የሚያጋባው ስያሜው ነው። «ድራይ» ለወይን ሲባል ጣፋጭ ያልሆነ ማለት ነው፤ «ኤክስትራ ድራይ» ግን በሊትር ከ12 እስከ 17 ግራም ስኳር ይይዛል። ስኳር ካልወደዱ ከ12 ግራም በታች የሆነውን «ብሩት» ይፈልጉ።

ሻምፓኝን የፈጠረው መነኩሴው ዶም ፔሪኞን ነው ይባላል። እውነት ነው?

ተረት ነው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜሬት ስኳር በመጨመር ወይንን አረፋማ ማድረግ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1662 ለንደን ውስጥ ባቀረበው ጽሑፍ ገልጾ ነበር፤ መነኩሴው ወደ ገዳሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የተረፈውን ለማቆየት በጠርሙሱ አፍ ማንኪያ መስቀል ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ጥብቅ ክዳንና ማቀዝቀዣ ይበቃል።

ቡሹ ሳይፈናጠር እንዴት ልክፈተው?

በደንብ ያቀዝቅዙት፤ ሞቃት ወይን ጋዙን በኃይል ይተፋል። የሽቦውን ማሰሪያ ሲያላሉ አውራ ጣትዎ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን ሰው ወደሌለበት አዘንብለው፣ ቡሹን አጥብቀው ይያዙና ጠርሙሱን ያዙሩ እንጂ ቡሹን አይጠምዝዙ።