መልስ፦ ዙሪያ ገጠም ፊልም ስክሪኑ ለምን 9 ሆነ?

ሰላም ወንድሜ። ዙሪያ ገጠም ፊልም ማለት ተመልካቹን በክብ በከበቡ ስክሪኖች ላይ የሚታይ ፊልም ነው። «ስክሪኑ ለምን 8 ወይም 10 አልሆነም? ፊልም አንሺዎቹስ የት ይደበቃሉ?» ላልከው፦

ምስጢሩ ፕሮጀክተሩ ጋ ነው። ተመልካቹ መሃል ላይ ስለሚቆም ፕሮጀክተር እዚያ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ በሁለት ስክሪን መካከል ባለችው ክፍተት ይሸጎጥና ከሰው ራስ በላይ አሻግሮ ትይዩው ላለው ስክሪን ያበራል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ከእያንዳንዱ ስክሪን ፊት ለፊት ክፍተት ይገኛል። ጥንድ ከሆነ ግን ስክሪን ከስክሪን፣ ክፍተት ከክፍተት ይፋጠጣል፤ አለቀ። ካላመንከኝ ወረቀት ላይ ክብ ስለህ ለ8 ከፍለህ ሞክረው። የአሜሪካው መዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲጀምር ካሜራው (ለእያንዳንዱ ስክሪን አንድ፣ በክብ የተገጠመ) 11 ነበር፣ ፊልሙ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፤ ኋላ 9 ባለ35 ሚሊሜትር ሆነ። ሁለቱም ጎዶሎ!

መደበቂያውን በተመለከተ፣ ካሜራው ዙሪያውን ሁሉ ስለሚያይ «ከካሜራ ኋላ» የሚባል ቦታ የለም። መብራቱም፣ ዳይሬክተሩም፣ ሻይ ይዞ የቆመው ልጅም ፊልሙ ውስጥ ይገባል። መኪና ጣሪያ ላይ ወይም ከሄሊኮፕተር ሥር የሚያስሩት ለዚህ ነው፤ ሰዉ ካሜራው በማያየው በታች ወይም በላይ በኩል ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ካሜራው ሲያጋድል ቆሞ የሚያየው ሰውም ሳያውቀው አብሮ ያጋድላል። ኤፕኮት በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ በቻይናው አዳራሽ በወንበር ፈንታ መደገፊያ የተደረደረው በከንቱ አይደለም። አንተም የምትሠራ ከሆነ መታጠፊያ ላይ ቀስ በል፣ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላውም ቶሎ ቶሎ አትቁረጥ። ሰው ዞሮ እስኪያይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወዴት እንደሚዞር ደግሞ በድምፅ ጥራው።