ጾም እንዴት ያወፍራል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነው። በቅርቡ ሐኪም የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱንና ክብደት መቀነስ እንዳለብኝ ነገረኝ። ባለቤቴ ከኢንተርኔት የአመጋገብ ዝርዝር አውጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋለች፤ ሳልሞን፣ ብሮኮሊ፣ ኪኖዋ ይላል። ግማሹን ቀምሼው አላውቅም፣ የቀረውን ኪሴ አይችለውም። ይበልጥ ግራ የገባኝ ደግሞ ሁዳዴን ሥጋም ቅቤም ሳልነካ ጾሜ ሱሪዬ ጠበበኝ። እንጀራ ልተው ይሆን? ምንስ ልብላ? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጀራዎን አይተዉ። ዝርዝሩን ግን ባለቤትዎን አመስግነው ከማቀዝቀዣው ላይ ያንሱት። ሳልሞን በሌለበት አገር ሰው ጤነኛ ሆኖ መኖር ይችላል።

የሱሪዎን ነገር በተመለከተ ተጠያቂው ዘይት ነው። እስቲ አብረን እናስላው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ዘይት ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሚጠጋ ይደርሰዋል። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በጾም ጊዜ ደግሞ ቅቤው ስለቀረ እጃችን ይፈታል፤ ምስሩም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም በዘይት ይጥለቀለቃል። መንገድ ዳር የሚገዙትን ሳምቡሳና ፓስቲ ይጨምሩበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ገበታ ሲቀርብለት ልጓም እንደሌለውም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ሲፈቱ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አንድ ሳህን የአትክልት ሾርባ ወይም ጥቂት ንፍሮ ይቅደም፤ ወጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዘይት መቀነስ ወጥ ያበላሻል የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ አልቀበለውም። እናቶቻችን ሽንኩርት የሚያቁላሉት በደረቁ ነበር። በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት ዘይት ባልነካው ድስት ውስጥ በመጠነኛ እሳት ይገባል፤ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይማሰላል፤ ዘይቱ የሚመጣው ሽንኩርቱ ቀልቶ ከለሰለሰ በኋላ ነው። ለአራት ሰው ወጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከጄሪካን በቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆር ይቅር። ይህ አሠራር ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ማማሰያውን አንዳንድ ቀን እርስዎ ቢይዙት ባለቤትዎ የምትቃወም አይመስለኝም።

ለግፊትዎ ግን ከዘይቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ያውም ለሙሉ ቀን። እኛ ቤት ጨው በስንት በር እንደሚገባ ይመልከቱ። በርበሬው ሲሰናዳ ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ወጡ ሲበስል እንደገና ይጨመራል፤ ዳቦውም የራሱን ይዞ ይመጣል። የሚቀጥለውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጩ። ያኔ ምን ያህል እንደምትጨምሩ ታውቁታላችሁ። ምላስ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ እየቆየ ይለምደዋል። እስከዚያው ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ያግዙዎታል።

ለመሥሪያ ቤት ምሳ አዚፋን የሚስተካከል አላገኘሁም። ድፍን ምስር ይቀቀልና ውሃው ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ግማሹ ይደቆሳል፣ ግማሹ እንዳለ ይተዋል። በጥቂት ውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ከፈለጉም አንድ ማንኪያ ዘይት ይገባበታል። ሳይሞቅ ስለሚበላ የመሥሪያ ቤቱን ማሞቂያ ወረፋ አይጠብቁም፤ ምስሩም ፕሮቲንና ፋይበር ስላለው ከሰዓት በኋላ ብስኩት ፍለጋ አያስነሳዎትም። ካስነሳዎትም መሳቢያዎ ውስጥ እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይኑር፤ ጨው የሌለበት።

ጠዋት የገብስ ቅንጬ ይሞክሩ፣ በጾሙም በፍስኩም ያለ ቅቤ። በቆርቆሮ ታሽጎ ለሚመጣው አጃ የሚከፈለው ገንዘብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አጃን ያስመሰገነው ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚረዳው የሚሟሟ ፋይበር በገብስም ውስጥ አለ። ፉል ከወደዱ ቲማቲምና ቃሪያው ይብዛ፣ ዳቦው አንድ ይሁን።

ማታ እንጀራውን ይቀንሱ። ከሥር አንድ ሙሉ ተነጥፎ ሁለት ጥቅል ከጎን የሚደረደርበት ገበታ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይበዛል። ግማሽ እንጀራ ይውሰዱና ከትሪው ግማሹን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ካሮት ይያዘው፤ በቀረው ላይ ክክ ወይም ሽሮ ይውጣ። ሽሮው ፈሰስ ቢሆን ይሻላል፤ ተጋቢኖ ዘይት ይወዳል። በፍስክ ቀን የሐዋሳ ወይም የዝዋይ ዓሣ ካገኙ አያስጠብሱት፤ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ታሽቶ በተከደነ ድስት ውስጥ ይብሰል። የፋሲካ ዶሮ ወጥዎን ግን ሳይሳቀቁ ይብሉ። ሰው የሚወፍረው በበዓል ቀን ምግብ አይደለም።

ስለ ቡና አልጠየቁኝም፣ እኔ ግን እጠይቅዎታለሁ፦ ስኳሩ ስንት ነው? አቦል፣ ቶናና በረካ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ከተጠጡ 24 ግራም ስኳር ገባ ማለት ነው፣ የቀኑ ሻይ ሳይቆጠር። በአንድ ማንኪያ ይጀምሩ።

ሐኪሙ የግፊት መድኃኒት አዝዞልዎት ከሆነ ምግቤን አስተካክያለሁ ብለው እንዳያቋርጡት። ግፊትዎ ወርዶ ቢያገኙት እንኳ መድኃኒቱን የሚቀንሰው እሱ ነው። ከሚቀጥለው ጾም በፊትም ሄደው የመድኃኒቱን ሰዓት ከጾሙ ሰዓት ጋር እንዲያስማማልዎት ይጠይቁት።