ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ሊብሬውን ይዩ

ጥያቄ፦ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ እመጣለሁ። ራሴ የምነዳው መኪና በደላላ አግኝቻለሁ። አከራዩ 60 ሺህ ብር ማስያዣና ፓስፖርቴን አስቀምጥ ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ ፓስፖርቱን አይስጡ፤ ኮፒው ይበቃዋል። ዋናው በሰው መሳቢያ ውስጥ ካለ በመጨረሻው ቀን ስለ አንዲት ጭረት ለመከራከር እንኳ አቅም አይኖርዎትም። ማስያዣ መጠየቁ ግን አግባብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። ቢፈራ አይፈረድበትም። ብሩን በባንክ ያስተላልፉ። ደረሰኙ ላይ "ተመላሽ ማስያዣ" ተብሎ ይጻፍ፤ "ቅድመ ክፍያ" ከተባለ ከኪራዩ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የሚመለስበት ቀንም በውሉ ይቆረጥ።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን "በደላላ" ያሉት ነው። ውሉን የሚፈርመው ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ወይም ውክልና የያዘ ይሁን። እዚያው የአገልግሎት ዓይነቱን ይመልከቱ። በነባሩ ታርጋ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። ኮድ 2 መኪና ረከስ ብሎ ይገኛል፤ ነገር ግን ለግል አገልግሎት የተገባ መድን፣ መኪናው ተከራይቶ ሳለ አደጋ ቢደርስ አልከፍልም የማለት መብት ይኖረዋል። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስቲከርም አያዘናጋዎት፤ እሱ የሦስተኛ ወገን ነው። ለገጩት ሰውና ንብረት እንጂ ለያዙት መኪና አይከፍልም። "ኢንሹራንስ አለው" ሲሉዎት "ሙሉ ነው? ለኪራይ ነው የተገባው?" ብለው ፖሊሲውን ራሱን ያስወጡ። በእርስዎ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይፈቀድ እንደሆነም መድን ድርጅቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በማይጸና ፈቃድ የተነዳ መኪና ካሳ አያገኝም።

ከውሉ ውስጥ ሁለት አንቀጾች ኪስ ያራቁታሉ። አንደኛው "መኪናው ጋራዥ ለቆመበት ጊዜ የቀን ኪራይ ይከፈላል" የሚለው ነው። ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ወር ሊቆም ይችላል። ጣሪያ ያስቀምጡለት፤ ለምሳሌ ከ10 ቀን እንዳይበልጥ። ሌላው የኪሎ ሜትር ገደብ ነው። ገደቡ በቀን 150 ከሆነ ሀዋሳ ደርሶ መልስ ብቻ ከ500 ያልፋል፤ በሁለት ቀን የተፈቀደልዎ 300 ነው። ስለዚህ በቀን ሳይሆን በጠቅላላው ይታሰብልኝ ይበሉ። ለ21 ቀን 3,150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ የቆሙባቸው ቀናት የጉዞውን ይሸፍናሉ። የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መኪና ስመልስ ፓራውልቱ ሥር ጭረት አለ ተብዬ ከማስያዣዬ ተቆረጠ። እኔ አላደረስኩትም፤ ግን ምን ላሳይ?

መልስ፦ አሁን ከሆነ በኋላ ብዙ የሚደረግ የለም። ለሚቀጥለው ግን ቪዲዮ። መኪናውን ታጥቦና ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ይረከቡ፤ አቧራም ውሃም ጭረትን ይሸፍናሉ። ከፊት ታርጋ ጀምረው ሳያቋርጡ ይዙሩ። ፓራውልቱን ተቀምጠው ከሥር ይቅረጹ፤ ጠርዝ የሚልሰው እዚያ ነው። ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ፣ ስፖኪዮውን፣ የፊት መስታወቱን፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖሩን ያንሱ። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ያረጀ ጎማ ቢፈነዳ ጥፋቱ ወደ እርስዎ እንዳይዞር ይመዝገብ።

ከዚያ ጋቢና ይግቡ። ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ሲከፍቱ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ምልክት መብራት አለባት፤ ሲያስነሱ ደግሞ መጥፋት። ከመጀመሪያው ጭራሽ ካልበራች ሆን ተብሎ የተነቀለች ልትሆን ትችላለች፤ ያን መኪና ይተዉት። ኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን መጠን በአንድ ፎቶ ይያዙ። ቪዲዮውን እዚያው ቆመው ለአከራዩ በቴሌግራም ይላኩለት፤ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። ሲመልሱም ያንኑ ይድገሙ። የርክክቡ ሰዓት ውሉ ላይ ይስፈር፤ የትራፊክ ቅጣት ሲመጣ ማን ይዞት እንደነበር የሚለየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የተከራየሁትን መኪና አንድ ሚኒባስ ከኋላ ነካኝ። ሹፌሩ "5 ሺህ ልስጥህና እንሂድ" አለኝ። መቀበል ነበረብኝ?

መልስ፦ መኪናው የእርስዎ ስላልሆነ መስማማት አይችሉም። ጋራዡ 30 ሺህ ቢል ልዩነቱ በእርስዎ ይመጣል፤ መድን ድርጅቱም የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) እና ማስረጃ ካላየ ፋይል አይከፍትም። ሁለቱን መኪኖች ከነታርጋቸው ፎቶ ያንሱ፣ 991 ይደውሉ፣ ፕላኑ ሳይነሳ መኪናውን አያንቀሳቅሱ፤ ለአከራዩም እዚያው ሳሉ በጽሑፍ ያሳውቁ።