የበረዶ ሆኪው ዋንጫ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሙቀት ስለ በረዶ ሆኪ መጠየቄ አያስቃችሁ። «ኮሌጅ ሆኪ አሜሪካ» የተባለው ሊግ የወንዶች ዋንጫ ለምን ቀረ? (አንባቢ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ቡድን አለቀበት። ሊጉ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ሰባት የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድኖች ነበሩት። የዋንጫው አሸናፊ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር እንዲያልፍ ግን ሊጉ ቢያንስ ስድስት አባላት ሊኖሩት ይገባል። አርሚ ገና በማለዳው ወጣ፤ ፊንድሌይ በ2004 ቡድኑን አፈረሰ (ሮበርት ሞሪስ ተተካ)፤ ኤር ፎርስ በ2006 ሌላ ሊግ ገባ፤ ዌይን ስቴት በ2008 ሆኪን ተወ። አራት ብቻ ቀሩ፤ በአራት ቡድን ዋንጫው ከግማሽ ፍጻሜ ይጀምራል ማለት ነው። አቅም አጥተው ነው እንዳይሉ፣ በ2009 ቤሚጂ ስቴት በብሔራዊው ውድድር ኖተርዳምን 5 ለ 1፣ ኮርኔልን 4 ለ 1 ረትቶ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። የመጨረሻውን ዋንጫ በ2010 አላባማ ሃንትስቪል ወሰደ።