ሴት ጳጳስ መሆን ትችላለች ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ አንግሊካን ናት። በእነሱ ዘንድ ሴት ጳጳሳት እንዳሉ ነገረችኝ። እኔም «ጳጳስ የአንዲት ሚስት ባል ይሁን» የሚለውን ጠቀስኩላት። «ታዲያ የእናንተ ጳጳሳት ሚስት አላቸው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እውነቷን ነው። ያንን ጥቅስ (1ኛ ጢሞ. 3፥2) እንዳለ ከያዝነው ከመነኮሳት የሚሾሙትን የእኛን ጳጳሳትም ያስወጣል። ጳውሎስ እዚያ የሚያወራው ስለ ሰውየው ንጽሕና ነው። ሚስት ማግባት ግዴታ ነው አላለም።

መጀመሪያ የእነሱን ነገር በደንብ እንወቅ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአንግሊካን የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ባርባራ ሃሪስ በ1989 በአሜሪካ ተሾሙ። የአንግሊካኖች ሁሉ እናት የሆነችው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ግን ቆይታለች። በ2012 ጉዳዩ ጳጳሳት፣ ካህናትና ምእመናን በየወገናቸው ድምፅ ለሚሰጡበት ሲኖዶሳቸው ቀርቦ ወደቀ። የጣለው ማን ይመስልሻል? የምእመናኑ ወገን ነው! ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ 6 ጎደለ። በ2014 አለፈና በ2015 ሊቢ ሌን በዮርክ ተሾሙ። የሚያነሡት «ወንድም ሴትም የለም» የሚለውን ነው (ገላ. 3፥28)። ትንሣኤውን ቀድመው ያበሠሩት ሴቶች ናቸውም ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ አትናቂው።

የእኛን ምክንያት ከፈለግሽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ን አውጪ። በይሁዳ ቦታ ሰው ሊተካ ነው። 120 ያህል ሰው ተሰብስቧል። ጴጥሮስ ከጌታ ጋር የቆየና የትንሣኤው ምስክር የሚሆን ይመረጥ አለ። እመቤታችን ከእነሱ ጋር በጸሎት ትተጋ ነበር። ከእሷ በላይ ጌታን ማን ያውቀዋል? ለዕጣ የቀረቡት ግን ዮሴፍና ማትያስ ናቸው። እሷን ከማትያስ በታች የሚያደርግ ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ አላየሁም። ስለዚህ «ሴት ስለምታንስ ነው» የሚል ሰው፣ መምህርም ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያንን መልስ አልመለሰም። ቤተ ክርስቲያን የምትለው «ከሐዋርያት እንዲህ ተቀበልኩ፤ የመለወጥ ሥልጣን የለኝም» ነው። ካቶሊኮችም በዚህ አይለዩንም፤ ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሴትን በክህነት የመሾም ሥልጣን የለንም ብለው በ1994 ጽፈዋል። የገላትያውን ደግሞ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ሄደሽ አንብቢው፤ የሚናገረው ስለ ጥምቀት ነው።

ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ (በግሪኩ «ዲያቆን») ያላትን ፌቤንንም ታነሣብሽ ይሆናል (ሮሜ 16፥1)። አትካጂ። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሴት ዲያቆናት ነበሩ። ሴቶች ሲጠመቁ ገላቸውን ዘይት የሚቀቡት እነሱ ነበሩ። ወደ ጵጵስና ግን አልተሻገረም።

ይህን ሁሉ ሰምታ ላትስማማ ትችላለች። ቡናችሁን ጠጡ። ብቻ የጢሞቴዎሱን ጥቅስ ደግመሽ እንዳትመዢባት።