መልስ፦ ለዲዛይን የቱን ሞኒተር ልግዛ?

ወንድሜ «ለሎጎና ለባነር ስራ 165 ኸርዝ ጌሚንግ ሞኒተር ይሻለኛል ወይስ አይፒኤስ» ላልከው፣ ኸርዙን (ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ) እርሳው ሎጎ አይሮጥም። መጀመሪያ ፓነሉ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ከለሩ ብዙ የማይቀየር የስክሪን አይነት) መሆኑን እይ፣ ቲኤን የሚባለው ሌላው አይነት ከሆነ አንገትህን ትንሽ ዝቅ ስታደርግ ከለሩ ይቀየርብሃል። ከዛ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ከለር ክልል) 100 ፐርሰንት ወይ ለዛ የቀረበ፣ ዴልታ ኢ (የከለር ስህተት መለኪያ) ከ2 በታች። 27 ኢንች ከሆነ 1080ፒ አትግዛ ፒክስሉ ይታያል፣ 2560 በ1440 ይሁን። ከኤስአርጂቢ ሰፋ ያለው አዶቤ አርጂቢ ህትመት ካልበዛብህ ብር ማባከን ነው።

እኔን ግን ያቃጠለኝ ብራይትነስ ነው። የሰርግ ካርድ ሰርቼ ስክሪኑ ላይ ቦግ ያለ ወይን ጠጅ ነበር፣ ታትሞ ሲመጣ ጥቁር ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ማተሚያ ቤቱ ላይ ልጮህ ስል ለካ የኔው ሞኒተር ብራይትነሱ 100 ላይ ነው። ለህትመት 120 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) አካባቢ አውርደው፣ መስኮት ፊት ለፊትም አታስቀምጠው።

ዩዝድ የምትገዛ ከሆነ እዛው ሱቁ ውስጥ ሙሉ ነጭ ከዛ ሙሉ ግራጫ ምስል ክፈት፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ነገር ካየህ ጥለህ ውጣ። ካሊብሬተሩን (የስክሪኑን ከለር ለክቶ የሚያስተካክለውን መሣሪያ) ከጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ ግዙ፣ በወር አንዴ ነው የምትነካው።